ወፍጮው ዳገቱን ሲወጣ

ባለወፍጮው ወንዝ ዳር የኖረው ወዶ አልነበረም። ድንጋዩን የሚያዞረው ውሃ ነውና ቤቱንም ውሃው ካለበት ገደል ሥር ሠራ። ሚስቱን በየክረምቱ ወባ ያንዘፈዝፋታል። ደንበኞቹም እህል ተሸክመው ዳገቱን ሲወርዱና ሲወጡ ይመሻል።

ከተማ ሄዳ የኤሌክትሪክ ሥራ የተማረችው ልጁ አንድ ቀን መጣችና፣ «አባዬ፣ ላይ መንደር መብራት ገብቷል። ወፍጮውን እናውጣው» አለችው።

«ወንዙንስ ማን ይሸከምልኛል?»

«ሞተር ወንዝ አይፈልግም። ሽቦ ከደረሰለት፣ ሰው ደጃፍ ላይም ይፈጫል።»

«አባቴም አያቴም እዚሁ ነው የፈጩት» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እናትየው ብትለምን፣ ልጅቱ ብትቆጣ፣ ወይ ፍንክች!

ክረምት ገባ። አንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛ እህሏን እንደ ተሸከመች ጭቃው አዳለጣትና እግሯ ተሰበረ። ባለወፍጮው ከሦስት ሰዎች ጋር በቃሬዛ ይዟት ወጣ። ትንፋሹ አጠረ፣ አራት ጊዜ አርፎ ተነሣ። ሠላሳ ዓመት እህል ሲቀበል የኖረ ሰው ያንን ዳገት ሸክም ይዞ ወጥቶት አያውቅም ነበር።

ሴትዮዋን ጤና ጣቢያ አስገብቶ ልጁን ፈለጋት። «ይቅር በይኝ፣ እናቴ። እስካሁን ሰው ስፈጅ ኖሬያለሁ። በይ ሽቦሽን አምጪ» አላት። እሷም አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጠው ሞተር ገዙ፤ ወፍጮውንም ቤታቸውንም ላይ መንደር አወጡ። ሽቦውን የዘረጋችው፣ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘውን ቀበቶ የወጠረችው ልጁ ናት። ባለወፍጮው የፏፏቴውን ድምፅ ለማሸነፍ የለመደውን ጩኸት አልተወምና ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ላይ ከሚስቱ ጋር የሚጣላ መስሏቸው ሊያስታርቁ መጡ። ሚስቱ ግን ወባው ለቋት፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ «አትልፉ፣ ፍቅሩ እንዲህ ነው» እያለች ትስቃለች።

ዓመት ሳይሞላ ዱቄት እዚያው አለ ብሎ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አጠገባቸው ምድጃ ተከለ። ቀጥሎ አንዲት ከረጢት ሰፊ መጣች፣ ከዚያ አንድ ብረት በያጅ። ትናንት ፍየል ይግጥበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ሠራተኛ የሚርመሰመስበት ሰፈር ሆነ።

አንድ ጠዋት ያቺ እግሯ የተሰበረው ሴት ትንሽ እያነከሰች፣ ልጇን አዝላ እህል ይዛ መጣች። ሕፃኑ ገና ሳይነቃ ዱቄቷ ደረሰላት። «ተባረኩ፣ ወገቤን መለሳችሁልኝ!» ብላ ሄደች።

ባለወፍጮው በዐይኑ ሸኛትና ወደ ልጁ ዞረ። «ይህን ሞተር የፈለሰፈው ሰው ማን ነው? በስሙ ልመርቀው።»

«አንድ ሰው አይደለም፣ አባዬ። ብዙ ናቸው፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየቀጠለ ነው እዚህ የደረሰው።»

«እንግዲያው ለሁሉም ይድረስ» አለና ዱቄት የነካው እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «የትም ይሁኑ የት፣ ዘራቸው ይባረክ! የመጨረሻዋን ግን በስሟ አውቃታለሁ» ብሎ የልጁን ግንባር ሳመ።