የተውሶ ሀርድ ዲስክ

ሰሀር ሰው አታምንም ቢባል ሐሜት አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። በዚያ ጁምዓ ቀን ኮምፒውተሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ያለውን ሕንፃ ስትወጣ ሦስት ሰዎች ላግዝሽ ብለዋት ሦስቱንም ገላምጣ መልሳለች። ዴስክቶፕ ነው እንግዲህ፣ ያኔ የነበረው ያ ባለ ትልቅ ሳጥኑ። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ሳጥኑን ግን እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች።

ደግሞስ ለምን አትጠረጥርም? ሰሀር የሴቶች ዲጄ ናት። እነሱ ቤት ሰርግ ሲኖር ሴቶቹ ለብቻቸው ነው የሚጨፍሩት፣ ወንድ ድርሽ አይልም። ስፒከሩን ተሸክሞ ያስገባው እንኳ አስቀምጦ ይወጣና በሩ ይቀረቀራል። ከዚያ በኋላ ሻርፑ ይወልቃል፣ ወገብ ይታሰራል፣ ጨዋታው ይደራል። ሰሀር ታዲያ ከሌሎቹ የምትለይበት አንድ ዘዴ ነበራት። ከሰርጉ በፊት በሚደረገው በሂናው ዕለት ሴቶቹ ሲዘፍኑ ትቀዳቸዋለች። ቤቷ ወስዳ ታጠራዋለች፣ ከበሮ ትጨምርበታለች፣ በሰርጉ ቀን ከሌላው ዘፈን መሃል ሳያስቡት ትለቅባቸዋለች። የራሳቸውን ድምፅ በዚያ ትልቅ ስፒከር ሲሰሙት እልልታው ጣሪያ ይነቅላል። መርካቶ ውስጥ ተፈላጊ ያደረጋት ይኸው ነው።

ግን ማንም ዝም ብሎ አይቀዳም። ሰሀር አስቀድማ ትምላለች፤ «ከዚህ ክፍል አይወጣም፣ ወላሂ» ትላለች። ከሁሉም በላይ ያስማለቻት ሀፍሷ ናት። ሀፍሷ የልጅነት ጓደኛዋ ናት፣ የጨርቅ ነጋዴው የኸይረዲን ሚስት። ድምፅ ከተባለ ድምፅ የእሷ ነው። ኸይረዲን ደግ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም፤ የሚስቱን ድምፅ ሌላ ወንድ በመስማቱ ነገር ብቻ ቀልድ አያውቅም። ሀፍሷ ለእህቷ ለሱሀይር ሂና የዘፈነች ጊዜ፣ መቅጃው ሳይከፈት የሰሀርን እጅ ጭብጥ አድርጋ ያዘችና፣

«ይሄ ነገር ወንድ ጆሮ ቢገባ ትዳሬ አለቀ። ገብቶሻል?» አለቻት።

«ወላሂ አይወጣም።»

ሦስት ጊዜ አስማለቻት። ሰሀርም ሦስት ጊዜ ማለች።

መሐላውን የማያውቀው ኮምፒውተሩ ነው። ሚሊኒየሙ ካለፈ በሁለተኛው ዓመት ያቃስት ጀመር። በተነሳ በአምስት ደቂቃው ድርግም ይላል። ሰሀር ላፕቶፕ ገዛች፤ ግን የስድስት ዓመት ዘፈን፣ ከነዝርዝሩ፣ ከነቅደም ተከተሉ፣ ከነአርባዎቹ የሴቶች ቅጂ፣ እንዴት አድርጎ ይሻገራል? መሃል ላይ ሁሉን የሚይዝ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ያስፈልጋል ተባለች። የአክስቷ ልጅ ሙናዊር፣ እሱም ዲጄ ነው፣ የወንዶቹንና የቅልቅሉን ድግስ የሚይዝ፣ የራሱን አራግፎ ባዶ አድርጎ አዋሳት። «ዛሬውኑ ከዓስር ሶላት በፊት መልሺልኝ፣ ሥራ አለብኝ» አላት።

ለማሻገር ሰው ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ሠራተኞቹ ደግሞ ሁሉም ወንድ። ሰሀር አውጥታ አውርዳ ጁምዓን መረጠች፤ ሰዉ ለሶላት ሲወጣ ፎቁ ጭር ይላል፣ ሶላት የማይሄደው ይገረም ብቻ ይቀራል ብላ ነው። ይገረም ባለ መነጽር፣ ለነገር የማይቸኩል ልጅ ነው። አባቱ ጋሽ ቦጋለ ከጎጃም መጥተው እዚያው ሕንፃ ሥር ማር ይነግዳሉ።

«በሩን ልዝጋው?» አላት ገና ስትገባ።

«ለምን ይዘጋል?»

«እሺ፣ ክፍት ይሁን።»

«አይ፣ ሰው ያያል። ግማሹን ዝጋው።»

ይገረም ግማሹን ዘጋው። ሳጥኑን ፈትቶ የውስጡን ዲስክ አወጣና ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሊያገናኘው ሲል ሰሀር ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ያንተ ላይ ለምን?»

«ያንቺ እየጠፋ አስቸግሮሽ አይደል የመጣሽው?»

«እንግዲያው ኢንተርኔቱን ንቀል።»

ነቀለው። ገመዱን አንስቶ አሳያት። ከአሮጌው ወደ ሙናዊር ዲስክ፣ ከዲስኩ ደግሞ ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ ተጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር ትሳባለች። ሰሀር ዓይኗን አልነቀለችም። ሻይ ልዘዝ ቢላት «አዘናግቶኝ ሊሠራ ያሰበው ነገር አለ» ብላ ጠረጠረችው። ሲያዛጋ ጠረጠረችው። ዘፈኖቹ በትክክል መከፈታቸውን ሊያይ ሄድፎኑን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ ደግሞ ነጠቀችው።

«ጆሮህ ላይ እንዳታደርግ! ምን የሚሰማ አለ?»

«መሥራቱን እንዴት ልወቅ?»

«እኔ እሰማለሁ። አንተ ወደ ግድግዳው ዙር።»

ሰውዬው ትዕግሥቱ! ወደ ግድግዳው ዞረላት።

ላፕቶፑ ላይ የዲጄውን ፕሮግራም ሲከፍቱት ጉድ ፈላ። ዝርዝሩ አለ፣ ስሙ ሁሉ አለ፤ ግን ከላይ እስከ ታች ደም መስሏል፣ አንዱም አይዘፍንም። ሰሀር ክው አለች።

«የት ወሰድከው? የት ነው የደበቅከው አንተ?»

«ተረጋጊ። አሮጌው ላይ ዘፈኖቹ ዲ የሚባለው ክፍል ላይ ነበሩ፣ እዚህ ኢ ላይ ናቸው። ፕሮግራሙ በድሮ አድራሻቸው ነው የሚፈልጋቸው። ቤት የለቀቀ ሰው የድሮ በሩን ቢያንኳኩበት ማን ይከፍታል?»

አንዲት ፊደል ቀየረ። ዝርዝሩ ከላይ ወደ ታች ነጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ እጁን ይስመው ነበር። ሰሀር ግን ባሰባት። እንዲህ በአንድ ጣት የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ይሄ ሰው ስንቱን ሰውሮ ይሆን? የራሱን ኮምፒውተር አስከፍታ፣ ፎልደር በፎልደር አስቆጥራ፣ ምንም እንዳልቀረ አየች። አሁንም አላመነችም።

ልትሄድ ስትል ይገረም ዲስኩን በጣቱ አመለከተ። «የሰው ነው አልሽኝ አይደል? ሳትመልሺው በፊት አሥር ደቂቃ ስጪኝና ከነሥሩ ላጽዳው። ዲሊት ስላልሽው ብቻ አይጠፋም።»

አሃ! ይኸው ወጣ አለች በልቧ። እስካሁን ሲጠብቅ የነበረው ይቺን አሥር ደቂቃ ነው።

«እኔው አጠፋዋለሁ» አለችና ሁሉንም መርጣ ዲሊቱን ተጫነችው። ፎልደሩ ነጭ ሆነ። «ይኸው፣ ባዶ።»

«ባዶ ይመስላል እንጂ...»

«ለእኔ ይበቃኛል!»

ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይገረም ትከሻውን ነቀነቀና «እንዳልሽ» አላት። ዲስኩ ከዓስር በፊት ሙናዊር እጅ ገባ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሰሀር ታክሲ ውስጥ ናት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ታክሲው መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል፣ ወያላው በበሩ ወጥቶ ይጮሃል፣ ሾፌሩ ዘፈን ለቋል። ሰሀር መጀመሪያ ከበሮውን ሰማችው። ጥሩ ከበሮ ነው አለች እንደ ሙያዋ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። መምሰል ነው እንጂ እሷ አይደለችም ብላ አሰበች፤ ያችን የመሰለ ድምፅ ሌላም ይኖራል ብላ አሰበች። ዘፋኟ ግን መሃል ላይ ትንታ ያዛት፣ ከኋላዋ አንዲት ሴት ሳቀች። ያቺ ሳቂ ራሷ ሰሀር ናት። መቅጃውን ይዛ የሳቀችው ሳቅ።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ጎልማሳ በጣቱ መስኮቱን ይመታል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ሀፍሷን እየሰማ ነው።

«ወራጅ አለ!» አለች። ስትወርድ ወያላውን ያዘችው። «ይሄን ዘፈን ከየት አመጣችሁት?»

«ከስልክ ቤት ነዋ! የሌለው የለም እኮ እህቴ፣ ያንቺም ስልክ ላይ ይጫንልሽ?»

ሰሀር ወዴት እንደምትሄድ ለራሷም አልነገረችም፤ እግሯ ያውቀዋል። ሦስቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣች። የይገረም ሱቅ ሁለት ደንበኛ አለው። በሩ ላይ ቆመችና ለቀቀችው።

«ሌባ! ጆሮ ጠቢ! የደንበኞቼን ድምፅ ሰርቀህ ለታክሲ ትሸጣለህ? ያመነህ ይቅር አይበልህ! ስሙኝ፣ እዚህ ዕቃችሁን የምታመጡ ሁሉ፣ ይሄ ሰው ሌባ ነው!»

በረንዳው በሰው ሞላ። ከደንበኞቹ አንዱ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው አንስቶ «ሌላ ጊዜ» ብሎ ወጣ፣ ሁለተኛውም ተከተለው። ጋሽ ቦጋለ ጩኸቱን ሰምተው ደረጃውን እያለከለኩ ደርሰዋል፤ ማር የነካ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ልጃቸውን አዩት።

«እውነት ነው?»

«አይደለም፣ አባባ» አለ ይገረም። መነጽሩን አወለቀና ሰሀርን አያት። ተቆጥቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ ድምፁን ግን አላነሳም። «ያንን ዲስክ ለማን መለስሽው?»

«ወሬ አትቀይር!»

«ለማን መለስሽው ነው ያልኩሽ።»

ሰሀር ሕዝቡን ገፍታ ወረደች። ምድር ቤት ስትደርስም ጥያቄው አብሯት ወርዷል።

ሙናዊር ምን አለሽ ተራ ዳር ትንሽ ክፍል አለችው። ውጭ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ስለሚያንጣጡት ሰው ሰላም ለማለት ይጮሃል። ሰሀርን ሲያያት ፊቱ በራ።

«ሰሀርዬ! ስጦታሽ እኮ አገር አናወጠ!»

«የምን ስጦታ?»

«ዲስኩ ላይ የተውሽልኝን ነዋ! ስሰካው ባዶ ነው፣ ዲሊት የተባለ ነገር የሚጣልበትን ቅርጫት ብከፍት ጢም ብሏል። ውለታዬን መመለሷ ነው፣ በግልጽ መስጠት አፍራ ነው ብዬ... ምነው? ምን ሆንሽ?»

ሰሀር ግድግዳውን ተደግፋለች።

«የማን ድምፅ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«በምን አውቃለሁ? ቀን ብቻ ነው የተጻፈበት። የድሮ ካሴት ቅጂ መስሎኝ ነው፣ ወላሂ። ሌላ ከበሮ ጨምሬ ለስልክ ቤቶቹ ሰጠኋቸው።» አሁን እሱም ደነገጠ። «የሰው ነው እንዴ?»

«ስንቱን ሰጠህ?»

«አንዷን። ሌላው እዚያው ዲስኩ ላይ ነው፣ አልነካሁትም። ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር ያሰብኩት።»

ሰሀር ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ላይ መንጭቃ ወሰደችው። ሙናዊርን መሳደብ አማራት፤ ግን በምን አፏ? ስልኳ ጮኸ። ሀፍሷ ናት።

«ሰማሽው?» አለች ሀፍሷ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፣ ሰው እንዳይሰማት እንደምትናገር። «ኸይረዲን ትናንት ታክሲ ውስጥ ሰምቶት መጣ። ‹ድምፅዋስ ደስ ይላል፣ ባሏ ግን ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው?› አለኝ። ውኃ እየቀዳሁለት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሮ አላወቀኝም፣ ሰሀር። ልሳቅ ላልቅስ?»

«ሀፍሷ...»

«ቆይ። የኮምፒውተር ሠራተኛው ነው አሉ፤ ስትጮሂበት የሰማ ሁሉ እያወራ ነው። እኔ ግን ካንቺ አፍ ነው የምፈልገው። ካንቺ እጅ አልወጣም በይኝ። ማይልኝና ልረፍ።»

ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሠራተኛው እንደሆነ ተሰድቧል፣ ሰፈሩ ፈርዶበታል፣ ሙናዊር ደግሞ ዝም በል ቢባል ዝም ይላል። ሰሀር ዲስኩን ስታየው በእጇ ውስጥ ገና ይሞቃል።

«አልምልም» አለች። «ከእኔ እጅ ነው የወጣው። አጠፋሁት ብዬ ሳላጠፋው መለስኩት። ልጁ ላጽዳልሽ ሲለኝ ጠርጥሬው ከለከልኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ውጭ የቀጥቃጮቹ መዶሻ ያንጣጣል።

«እሺ» አለች ሀፍሷ። «ከእንግዲህ ግን አልዘፍንም። ለልጄም ሂና ቢሆን።» ዘጋችው።

ሰሀር እያለቀሰች ወደ አንዋር ተመለሰች፤ እንባዋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ጠዋት የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመችና ከጠዋቱ አብልጣ ጮኸች።

«ስሙኝ! ይገረም ሌባ አይደለም! ሰው አምኖ የሰጠኝን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሰሀር! ጋሽ ቦጋለ፣ ልጅዎ አልሰረቀም፣ እኔ ነኝ ያዋረድኩዎት!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ቦጋለ ከታች ቀና ብለው አዩዋት። አንዲት የሰርግ ደንበኛዋ በረንዳው ጫፍ ላይ ነበረች፤ ሻርፗን ሰብስባ ሄደች።

ይገረም ባዶ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። ይቅር አላላትም፣ አልተሳደበምም። እጁን ዘረጋ።

«ዲስኩን አምጪው። አሥር ደቂቃ ነው።»

ሰሀር ሰጠችው። እንደ ልማዷ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ልትስበው እጇን ሰደደች። ከዚያ ተወችው። ወጣችና በሩን ከኋላዋ ሙሉ በሙሉ ዘጋችው፣ በረንዳው ላይም ቆማ ጠበቀች። ከታች በሚያልፍ ታክሲ ውስጥ ሀፍሷ ትዘፍናለች።