ቢጫዋ ጣውንት

«ውሃውን እዚያ ላይ ደርድሩት! መሬቱ ለወንበር ይፈለጋል» አሉ ጋሽ አሸብር፣ ጋራዡ መሃል ቆመው። የሟች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ለቅሶውን የሚመሩት እሳቸው፣ ቃላቸውን የሚመልስ የለም። የእድሩ ሰዎች የታሸገውን ውሃ እየተቀባበሉ፣ የድንኳን ሸራ በተደረበባት መኪና አፍንጫ ላይ ስድስት ኬዝ ከመሩ። ሰባተኛው ሲጨመር «ቋ!» አለ።

ሳሎን ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው የሟች ባለቤት መዓዛ ሰማች። ከትናንቱ ቀብር ወዲህ ሰው ሲያጽናናት እንኳ ግማሹን ነው የምትሰማው፤ ይሄን ግን ሰማች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጋራዥ የሚመጣ ድምፅ ሲያበሽቃት የኖረች ሴት እንዴት አትሰማ! ነጠላዋን እየጎተተች ብድግ አለች።

«ኧረ የት ልትሄጂ ነው?» ሴቶቹ ተንጫጩ። «አይተሽ እንዳትቃጠዪ ብለን እኮ ነው የሸፈንነው!»

ሰዋችን ደግ ነው፤ ችግሩ ደግነቱ አያስፈቅድም። ሐዘንተኛዋ ባየችው ቁጥር እንዳትቆስል ተብሎ የሟቹ የይገዙ ጫማ ከበር ላይ ተነሣ። ጃኬቱ፣ መነጽሩ፣ የሻይ ኩባያው ሁሉ ተሰበሰበና የት እንደገባ አንድዬ ይወቅ። መኪናዋን ቁም ሣጥን ውስጥ መክተት ስላልተቻለ ሸራ አለበሷት፤ ቁልፏን ጋሽ አሸብር ኪሳቸው ከተቱ። እንግዲህ ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ ሠልስት ነው። ነገ ደግሞ ይገዙ መኪናዋን ሊያሳይ የተመዘገበበት ካር ሾው፣ የመኪና ትርዒት፣ ጎረቤት ከተማ ታከር ውስጥ ይከፈታል። ከመዓዛ በቀር ይህን ያስታወሰ አልነበረም፤ እሷ ግን ለይቶላት ቆርጣለች፤ መኪናዋ ነገ ታከር መድረስ አለባት።

ሸራውን ስትገልበው ቢጫዋ መኪና አፍንጫዋ ላይ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ወጥቶባታል።

«ቆርቆሮ መስሎኝ ነው» አሉ ጋሽ አሸብር።

«ፋይበር ናት እኮ ጋሼ!» አለ ዳኘው። የይገዙ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ በክራንች ነው የሚሄደው። ስንጥቁን በጣቱ ዳበሰና እንባው ግጥም አለ። «ይቺን አፍንጫ እኮ ክረምቱን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሳት ነው የከረመው።»

«ይጠገናል? ለነገ?» አለች መዓዛ።

«ይጠገናል። መላጉ፣ ቀለሙ፣ ማድረቁ፣ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ለነገ አይደርስም።»

«ለነገ ምን?» አሉ ጋሽ አሸብር።

መዓዛ ውሃውን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረች። ሴቶቹ መጥተው ክንዷን ይዘው ወደ ፍራሿ መለሷት።

ኪት ካር ማለት ተገጣጥሞ የማይሸጥ መኪና ነው፤ በሣጥን በሣጥን ይመጣል፣ ባለቤቱ እቤቱ ይገጥመዋል። ይቺኛዋን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ ጀምሯት ሳይጨርስ ሞተ። ጓሮ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ከርማ ይገዙ ገዛት፤ ጣሪያ የሌላት፣ በር የሌላት፣ ውስጧ ቅጠል የሞላ። «የሙት ዕቃ ቤቴ አስገባህ!» ብላ መዓዛ ያን ቀን ራት አልሠራችም። ከዚያ ወዲያ የመኪናዋ ስም «ጣውንቴ» ሆነ። ሰው ደውሎ «ይገዙ አለ?» ሲላት «ከጣውንቴ ጋር ነው» ነው መልሷ። ሰዉ ይስቃል፣ ይገዙም ይስቃል። እሷ ግን የእውነቷን ነበር።

ሰውየው ወሬ አያውቅም። ታከር ካለው መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ውሎ ሊልበርን ወዳለው ቤቱ ይመጣል፤ እጁን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ጋራዥ ይገባል። መሽቶባት ስትጠራው ካልመጣ ምግቡን ጋራዡ ደፍ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። አንድም ቀን «ምን ደረሰች?» ብላ አልጠየቀችውም። ድሮ ካርቱም ሳሉ፣ ዳቦ በሚያከፋፍሉባት ፒክአፕ ማርሽ መቀየር ያስተማራት እሱ ነበር። አንድ ቀን ከነዳቦው ከግንብ ጋር አላተመቻት። ሌላ ወንድ ቢሆን በጥፊ ነበር የሚላት። ይገዙ ወርዶ መብራቱን አየ፣ መሬት የወደቀውን ዳቦ ለቀመ፣ ተመልሶ ጎኗ ተቀመጠና «በይ፣ ከአንደኛ ጀምሪ» አላት። መዓዛ ፍራሽ ላይ ሆና ይህን አስታወሰች፣ ሴቶቹም «እሰይ፣ አለቀሰች፣ ይውጣላት» ተባባሉ።

ቅዳሜ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ አለቀ። ሰዉ ወደ ቤት ተመልሶ ሳህን በሳህን ሲሆን መዓዛ ጋሽ አሸብርን ኮሪደር ላይ አቆመቻቸው።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የመኪናዋን። ታከር እወስዳታለሁ።»

«መዓዛ፣ ምን ነካሽ? በሠልስቱ? የባሏ አፈር ሳይደርቅ ትርዒት ወጣች ሲሉሽ ምን ልትመልሺ ነው?»

«ያሉትን ይበሉ።»

«ጤናም የለሽ። አልሰጥሽም።»

«ጋሼ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«በስመ አብ! ሐኪሙ ልቡ ነው አለ እኮ!»

«እሑድ ዕለት፣ ‹ቅዳሜ ጎኔ ቁጭ ብለሽ እንሂድ› ብሎ ለመነኝ። ለምኖኝ አያውቅም እኮ፣ ያውቁታል። ‹እዚያ ሬሳ ሣጥን ውስጥ በቁሜ አልገባም፤ ከፈለገች አንተን ይዛህ ትጥፋ› አልኩት። አፌን በቆረጠው! ሰኞ ምሳውን ቋጥሬ ሰጠሁት፣ አላናገርኩትም። ከሥራ ሬሳው መጣ። ይሄን ይዤ ፍራሽ ላይ እስከ መቼ ልቀመጥ?»

ጋሽ አሸብር በሰው ሁሉ ለቅሶ ሲያጽናኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔም ሰበርኩበት» አሉ ቀስ ብለው፣ ቁልፉንም አወጡ። «ሂጂ። ሰዉን ለእኔ ተዪው።»

ጋራዥ ውስጥ ልጇ ራኬብ ከነጥቁር ልብሷ ተከትላት ገባች። ጠበቃ ናት፣ ነገር ማስረዳት ትችላለች፤ እናቷን ግን ማስረዳት አልቻለችም። «ማሚ፣ አር ዩ ሹር? እኔ እኮ ባለ ማርሽ፣ ስቲክ መንዳት አልችልም።»

«አንቺን ማን ንጂ አለሽ?»

ይገዙ ቁመተ ረጅም ነበር። መዓዛ መሪውን ይዛ ስትቀመጥ እግሯ ፍሪሲዮኑን አይነካም። ዳኘው ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መፍቻ ያዘ። «ወንበሩ በብሎን ነው የታሰረው፤ ፈትቼ ላስጠጋልሽ።»

«አትንካው! እሱ ለራሱ ያሰረው ነው። ራኬብ፣ ትራስ አምጪልኝ፣ ሁለት።»

ሞተሩ ሲነሣ ሰዉ ከነሳህኑ ደጅ ወጣ። አንዷ «ወይኔ ይገዙ!» ብላ ደረቷን መታች፤ ሌላዋ «ጉድ ፈላ! በሠልስቱ!» አለች። ጋሽ አሸብር በሩ ላይ ቆመው «እኔ ነኝ የላክኋት» አሉ፤ ሰዉም መንገዱን ለቀቀ።

ሎረንስቪል ሃይዌይ ላይ ሁለት ጊዜ ትራፊክ መብራት ላይ ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላ ጥሩምባ ጮኸባት። ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ጣሪያ በሌላት ቢጫ መኪና፣ ነጠላዋ በነፋስ ሲውለበለብ፤ በአጠገቧ የሚያልፈው ሁሉ በስልኩ ያነሣታል። ራኬብ የነጠላውን ጫፍ ይዛ የራሷን ፊት ሸፈነች። መዓዛ ግን እያለቀሰች ማርሽ ትቀይራለች። መሪው ላይ ቆዳ የሰፋው እሱ ነው። የፍጥነቱን ሰዓት ከየት እንዳመጣው አታውቅም፤ ያ ትንሽ መስተዋት የማን እንደነበረ አታውቅም። አፈረች፤ ናፈቀችውም።

ሾው የተባለው አንድ የገበያ ቦታ ፓርኪንግ ላይ ነው። መኪኖቹ ሁሉ የሞተር ክዳናቸውን ከፍተው በመደዳ ቆመዋል። ቆብ ያደረገ ሽማግሌ መዝገብ ይዞ ቦታቸውን አሳያቸው። ከዚያ ስንጥቁን አየ።

«አክሲደንት?» አለ።

ራኬብ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት መዓዛ ቀደመቻት። «ፊውነራል» አለችው።

ሰውየው ጥቁር ልብሳቸውን አየና ቆቡን አወለቀ። ከዚያም ዳኞቹ እየመጡ ስለሆነ የሞተሯን ክዳን እንዲከፍቱለት በትሕትና ጠየቀ።

ሞተሯ እንደ ቮልስ ከኋላ ነው። ይህን መዓዛ ታውቃለች፤ ሲጮህ ሰምታለች። ወደ ኋላ ዞራ ክዳኑ ፊት ቆመች፤ እጇም እዚያው ቀረ። እጀታ የለውም። ቁልፍ የሚገባበትም የለውም። ከየት እንደሚከፈት አታውቅም። ባሏ በየቀኑ የሚከፍተውን፣ ከሳሎኗ ግድግዳ ማዶ ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረውን፣ አንድም ቀን ቆማ አላየችም።

«ዳኘው ጋ ልደውል?» አለች ራኬብ ስልኳን አውጥታ። ከጎናቸው ያቆመው ሰውዬም መፍቻ ይዞ መጣ።

«ተዪ» አለች መዓዛ። እጇን ወደ ሰውየው ዘርግታ አስቆመችው። «ቆዩ፣ የሚከፈትበትን እኔ እፈልገዋለሁ።»

አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። ጣቶቿን ከክዳኑ ጠርዝ ሥር አስገባችና ከግራ ጀምራ ቀስ እያለች መዳበስ ጀመረች።