የትም የማያስገቡ በሮች

ባሌ ሁለት ስፒከሮች አሉት። ለእሱ ስፒከር ናቸው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ በር ናቸው። ቁመታቸው ከእኔ ይበልጣል፣ ውፍረታቸው ሦስት ጣት አይሞላም፣ ሳሎኑ መሃል ያለ ግድግዳ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ አንዱን በትህትና አንኳኩቶ መልስ ሲጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ እጀታ ፈልጎ ሲያጣ፣ "ከውስጥ ነው እንዴ የሚከፈተው?" ብሎኛል።

ባሌ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሊፍቱ ሲወርድ ብቻ ሰምቶ የትኛው ብሎን እንደላላ ይናገራል። እኔ "ደክሞኛል" ስለው ግን አይሰማም። ጆሮውን የፈጠረው ለብረት ነው ብዬ ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ነገሩን ሳላስረዳ ባልፍ ደስ ባለኝ፣ ግን የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው። ተራ ስፒከር ሳጥን ነው፣ ድምጹን ወደ ፊት ይተፋል። የባሌ ስፒከሮች ግን ሳጥን የላቸውም። ክፈፍ ላይ የተወጠረ ስስ ፕላስቲክ ናቸው፤ ፕላስቲኩ ሲንቀጠቀጥ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይዘፍናል። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለባቸው፤ አለዚያ ከኋላ የወጣው ድምጽ ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል። ባሌ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ያስተምራል። "እነዚህ ምንም አይደብቁም" ይላል፣ "ከፊት የሚሰማው ከኋላም ይሰማል።" ይህችን ንግግሩን ያዙልኝ።

ወንበሩም አንድ ነው። እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል፤ ስጠርግ በጣት ስፋት ካነቃነቅኩት ያውቅብኛል። ከስፒከሮቹ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ "አየር" ይለዋል። የልብስ ስፌት መኪናዬ ወጥ ቤት ከማቀዝቀዣው ጎን የተወሸቀው ለዚሁ አየር ሲባል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ያሳጠርኩት ለአየር ቦታ ለቅቄ ነው።

አምና አማቴን መታጠቢያ ቤት አዳለጣቸውና እጃቸው ተሰበረ። ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ሐኪምም እኛም ተስማማን። አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ ስንፈልግ፣ ቤታችን ውስጥ ያለው ትርፍ ነገር አየር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባሌ ሜትሩን አውጥቶ ለካ። እናቱ ናቸውና አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ብቻ ሁለቴ ለካ። አልጋቸውንና አንድ ሰው የማያነሳውን የጥጥ ፍራሻቸውን አምጥተን ከሁለቱ በሮች ጀርባ ዘረጋን። ግድግዳው ይቀዘቅዛቸዋል ብዬ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩበት።

ስለ አማት የሚወራውን ሁሉ ሰምቼ ስለነበር ለጦርነት ተዘጋጅቼ ነበር። ሴትዮዋ ግን በሁለተኛው ቀን፣ አንድ እጃቸው በጀሶ ታስሮ፣ በሌላኛው የሱሪ ጠርዝ ይፈቱልኝ ጀመር። ልብሱን በጉልበታቸው ይዘው፣ ክሩን በምላጭ ጫፍ እየጎተቱ። ባሌ ሥራ ሲወጣ መኪናዬን ጎትቼ አልጋቸው ጎን አደርሳለሁ፤ ሊመጣ ሲል እመልሳለሁ። የጎረቤቱን፣ የዘመዱን፣ የራሳቸውንም የልጃቸውን ወሬ ያወጉኛል። "ይሄ ልጅ ሕፃን ሆኖም ድስት መክደኛ እያንኳኳ ያዳምጥ ነበር፤ ሲያድግ ይተወዋል ብለን ነው ዝም ያልነው" ይሉኛል። ወደድኳቸው። ሰው ምን ይላል ብዬ የምደብቀው ነገር አይደለም፣ ወደድኳቸው።

እሳቸው በመጡ በሳምንቱ ባሌ ያዘዘው ገመድ ደረሰ። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄድ፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማ የሚያህል ገመድ ነው። ድምጹ በየት በኩል እንዲሄድ ቀስት ተስሎበታል፤ ድምጹ ያለ ቀስቱ መንገድ ይጠፋበት ይመስል። ገጠመው፣ ሸክላውን አስቀመጠ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተነሳ። እንደገና ተቀመጠ።

"ሰማሽ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ግድግዳው የለም!"

ግድግዳው ነበረ፣ ብርድ ልብስ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ባሌ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ድምጽ ሰምቶ እንደማያውቅ ምሎ ተገዘተ። ጓደኞቹን ጠራ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከሰዓት ቤታችን የገመድ ጉብኝት ሆነ፤ አምስት ጎልማሶች በየተራ እዚያ ወንበር ላይ እየተቀመጡ ገመድ ያመሰግናሉ። አንደኛው፣ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ የድምጽ ባለሙያ፣ መሣሪያውን በቦርሳ ይዞ ስለሚዞር "ሐኪሙ" ይሉታል። ሐኪሙ ያንኑ ገመድ ገዝቶ ቤቱ ቢገጥመው ምንም ለውጥ አጣ። ሌሎቹ ውስጥ ውስጡን በገመዱ መሳቅ ጀመሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ባሌ አልሰማም።

አማቴ እነዚህን እሁዶች አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጠርዝ እየፈቱ ያሳልፏቸዋል። አንድ ሸክላ አለ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሁሉም መሣሪያ ዝም የሚልበት ቦታ ያለው። ባሌ ለዚያ ዝምታ ሲል ነው ሸክላውን የሚወደው። አማቴ ደግሞ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ያስላሉ። አንድም ቀን ስተውት አያውቁም።

"እማዬ!" ይላል ባሌ።

"ጉሮሮዬ ነው ልጄ" ይላሉ ከኋላ።

እንዲህ ስድስት ወር ኖርን። ከዚያ ባሌ ስፒከሮቹን ሊቀይር ተነሳ። ትልልቆቹ ወጥተዋል፣ ሱቁ አሮጌዎቹን ተቀብሎ ልዩነቱን ብቻ ያስከፍላል፣ ቁመታቸው ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው። አንድ እሁድ ለጓደኞቹ ሜትሩን ይዞ ያስረዳል፦

"ለእነዚህ ሁለት ሜትር አየር ያስፈልጋል። የቸገረኝ ከኋላ ያለው ነው። ከኋላ ያለው ከተነሳልኝ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።"

አሥራ አንድ ዓመት "ምንም አይደብቁም" ሲል የኖረ ሰው፣ ይህን የተናገረው ከሁለቱ ፊት ቆሞ ነው። እኔ ከወጥ ቤት ሰማሁት። ከኋላ ያሉትም በአንድ ክንድ ርቀት ሰሙት። የዚያን ቀን ሦስተኛው ዘፈን ላይ አልሳሉም። ባሌ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ "ዛሬ ገመዱ ዝምታውን ጭራሽ አጥርቶታል" አለ።

በማግሥቱ አማቴ ለሴት ልጃቸው ደወሉ። የባሌ እህት በከተማው ሌላ ጫፍ ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ ቤቷ ከሰው ብዛት ቁጭ የሚባልበት የለውም።

"የልጅ ልጆቼ ናፈቁኝ" አሉን።

ለመንኳቸው። እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። "አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እኔ ግን የሰው አየር ዘግቼ አልኖርም" አሉኝ። ባሌ ናፍቆቱን አመነ። እህቱ ትርፍ አልጋ ስለሌላት አልጋውንም፣ ፍራሹንም፣ ብርድ ልብሶቹንም ራሱ ጭኖ አደረሰ። ሲመለስ አየሩን ለክቶ ተደሰተ። እኔ የሚቀጥለውን ሱሪ ጠርዝ ብቻዬን ስፈታ አለቀስኩ።

"አስወጣሃቸው" አልኩት።

"እኔ ያልኩት አልጋውን ነው!"

"አልጋው ላይ የሚተኛው ማነው?"

ሸክላ ሊያጫውት ሄደ። ያ የወደደው ድምጽ ጠፍቶ ነበር። ሙዚቃው ይሰማል፣ ግን የሚጮህ፣ የሚፈረካከስ ነገር ሆኗል። "ገመዱ ደከመ" አለ። ጫፉን በአልኮል ጠረገው። ቀስቱን አዞረው። የስፒከሮቹን እግር በከባድ ብረት ለወጠ። በመጨረሻ ጥፋቱ የስፒከሮቹ ነው ብሎ አሮጌዎቹን ሰጠና ትልልቆቹን አመጣ። አራት ሰዎች ተሸክመዋቸው ገቡ። ሲከፈቱ ያው ጩኸት፣ በትልቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ግን አላልኩትም፣ ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ።

ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ መጣ። ማይክሮፎን ተከለ፣ ለካ፣ ጻፈ። ከዚያ ከስፒከሮቹ ጀርባ ገብቶ አንዴ አጨበጨበ። ግድግዳው መልሶ አጨበጨበለት።

"እዚህ ጋ ምን ነበር?" አለ።

"ምንም" አለ ባሌ።

"እናቱ" አልኩ ከወጥ ቤት።

ሐኪሙ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። የጥጥ ፍራሽና ወፍራም ብርድ ልብስ ከኋላ የሚወጣውን ድምጽ ይውጡታል፣ ግድግዳ መትቶ እንዳይመለስ ያደርጉታል፤ ያ ሁሉ ለውጥ የመጣው ከዚያ ነው። "ገመዱ ምንም አልሠራም" አለ፣ የራሱን ገመድ አስታውሶ መሰለኝ ድምጹ ትንሽ ሰለለ።

ባሌ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ለአማቴ ወዲያው ደወልኩላቸው። ነገሩን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ "ታዲያ ፍራሹን ልላክለት?" አሉኝ።

ነገ ሄዶ ያመጣቸዋል ብዬ ነበር። በነጋታው ያመጣው ስፖንጅ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ እንደ እንቁላል መያዣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ግራጫ ስፖንጅ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ገጠመለት፣ ለካ፣ "ከፍራሹ ይበልጣል" ብሎ ሄደ። እኔ አራት ቀን አላናገርኩትም። ራት አቀርባለሁ፣ ዞር እላለሁ፣ የስፌት መኪናዬን ፔዳል እስከ መጨረሻው እረግጠዋለሁ።

እሁድ ከሰዓት ብቻውን ተቀመጠ። ጓደኞቹን አልጠራም። ያንን ሸክላ አጫወተ። ወጥ ቤት ሆኜ፣ ልቤ ባይፈልግም፣ ጆሮዬ ሰማ፤ እውነት ለመናገር ያማረ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ደረሰ። መሣሪያዎቹ ዝም ሊሉ ሲሉ ባሌ ቀደም ብሎ፣

"እማዬ!" አለ።

ዝምታው መጣ። ንጹሕ ነበር፣ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ።

ብቅ ብዬ አየሁት። እጁ ገና ለቁጣ እንደተነሳ በአየር ላይ ቀርቷል። ሸክላው አልቆ ባዶውን ሲሽከረከር እንኳ አልተነሳም፤ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በኋላ ተነስቶ የሥራ ቦርሳውን ከፈተ፣ ብሎን መፍቻውን አወጣ፣ ስፖንጁን ከግድግዳው አንድ በአንድ ፈታ። ኮሪደሩ ላይ ደረደረው። ጫማዬን አደረግኩ።

እህቱ ቤት ስንደርስ አማቴ ሶፋው ጥግ ላይ ነበሩ፣ ሁለት የልጅ ልጅ በግራና በቀኝ ተደግፏቸዋል። የዳነ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩት። አልተነሱም።

"ለእኔ ነው የመጣኸው ወይስ ለበሮችህ?" አሉት።

እህቱ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቆመች። "ለአንቺ" ቢል ያለቀ ነገር ነበር። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ባሌ ግን መዋሸት አይችልም፣ ማሳጠርም አይችልም፤ ሊፍቱ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ከመጀመሪያው ብሎን የሚጀምር ሰው ነው።

"ለእነሱ ስፖንጅ አለላቸው" አለ። "ከፍራሽሽ የተሻለ ይሠራል። ተለክቷል።"

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እነሱ አንቺን አይፈልጉሽም፣ እማዬ" አለ። "የፈለግኩሽ እኔ ነኝ።"

አማቴ የቀሚሳቸውን ጠርዝ በጣታቸው ያዙ፣ የሚፈታ ክር የፈለጉ ይመስል።

"ሳሌስ?" አሉት።

"ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው" አለ ባሌ። "ስጠብቀው ቀረብኝ።"

አማቴ ልጃቸውን ትንሽ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ "ጫማዬ ከበሩ ጀርባ ነው፣ እስቲ አቀብይኝ" አሉኝ።