ከደሴ የሚመጣ ቃል

ብዙዬ ክንዷ ሲቃጠል አላወቀችም። ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ አጋማሽ ነው። ከምድጃው ዳር ቁጭ ብላ ባቄላው እስኪበስል ስለ ጎረቤት ጥጃ ታወራለች፤ ግራ ክንዷ የጋለው ጉልቻ ላይ ተደግፏል። የተቃጠለ ቆዳ የሸተታት አስቻለች ናት። ዘልላ የልጅቱን እጅ መነጨቀችው። ብዙዬ የደነገጠችው በመቃጠሏ ሳይሆን በመመንጨቋ ነበር።

«ምን አደረግሁ እቴቴ?»

አስቻለች ውሃ ቀዳች። ቁስሉን በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥብ ዙሪያውን አየችው። ከቀሪው ገላዋ ፈዘዝ ያለ፣ የጨቅላ መዳፍ የሚያክል ምልክት ነው። ከሰኔ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ቋቁቻ ነው ብላ ትታው ነበር።

አስቻለች የብዙዬ ወላጅ እናት አይደለችም። ወላጅ እናቷ የሞተችው ልጅቱ ገና ስትድህ ነው። አባቷ ፈንታው አስቻለችን ያገባት ከዚያ በኋላ ሲሆን እሱም አምና በክፉው ቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቶ አቀስታ ላይ ተስቦ ይዞት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በፈንታው ታላቅ ወንድም በአምባቸው ግቢ፣ ከጥግ ባለችው ጎጆ ይኖራሉ።

አምባቸው ክፉ ሰው አልነበረም። በረሀቡ ጊዜ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ አብልቷቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ግን የብዙዬን ክንድ ወደ ብርሃን አውጥቶ ሲያየው እጁን ሰበሰበ።

«አስቻለች፣ ይኼ የምፈራው ነገር ነው።»

«ስሙን አይጥሩት።»

«አልጠራውም። ግን የልጆች አባት ነኝ። ጠበልም ይሁን ሐኪም ቤት ውሰጃት። ምንነቱ ሳይታወቅ ወደዚህ ግቢ አትመልሻት።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ቤትሽ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእናቷ ወገኖች ብትሰጪያትም ማንም አይፈርድብሽም። አልወለድሻትም።»

አስቻለች መቀነቷን አጥብቃ፣ ጥቂት ጥሬ ቋጥራ፣ ልጅቱን እጇን ይዛ ወጣች። በጭቃና በጭጋግ ሲንሸራተቱ ውለው መካነ ሰላም ገቡ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ክንፈ ይባላል። ከአምና ጀምሮ ረሀብተኛ ሲያክምና ሲቀብር የከረመ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። የብዙዬን ክንድ አገላብጦ አየና ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ምልክት እንዳለባት ጠየቀ። አስቻለች ጭኗ ላይ ያለውን አንድ አሳየችው። ከዚያ የልጅቱን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነው።

«ስነካሽ ‹አዎ› በይ፤ እሺ?»

ግንባሯን በጥጥ ነካት። «አዎ።» አንገቷን ነካት። «አዎ።» ቀኝ እጇን ነካት። «አዎ፣ ኮረኮርከኝ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጥጡን ምልክቱ መሀል አሳረፈው። ብዙዬ ዝም አለች። ደግሞ ነካት፤ ዝም። ጥጡን ትቶ የመርፌውን ጫፍ ጫን አደረገበት። አስቻለች በራሷ ክንድ ላይ የተወጋች ያህል ተሸማቀቀች።

«መቼ ነው የምትነካኝ?» አለች ብዙዬ።

ክንፈ መርፌውን አስቀመጠው። ቀጥሎ የጆሮዋን ጫፍ ጨምቆ ይዞ በምላጭ ቆረጥ አደረገና ከውስጡ የፋቀውን በቀጭን መስታወት ላይ ቀባው። ይህኛው አመማት፤ ጮኸች፣ አለቀሰች። አስቻለች ልጅ ስታለቅስ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። እቅፍ አድርጋ ያዘቻትና «እሰይ፣ እሰይ» አለች።

«ነው ወይስ አይደለም?» ስትል ክንፈን ጠየቀችው።

«ጠርጥሬያለሁ። ሳላረጋግጥ ግን አልነግርሽም። መስታወቱ ደሴ ሆስፒታል ሄዶ በማጉያ መሣሪያ ይታያል።»

«ስንት ቀን ነው?»

«መንገዱ ደህና ቢሆን በሳምንት እልሽ ነበር። ይኸው ክረምት ነው፤ እንጃ።»

ማረፊያ ያገኘችው ከገበያው አጠገብ ጨውና ጋዝ ከምትሸጥ ሩቂያ ከምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። ውሃ ትቀዳላታለች፣ እህል ትለቅማለች፤ በዚያ ፋንታ ጓዳዋ ውስጥ ከነልጅቱ ታድራለች። ሩቂያ «ልጅሽን ምን አመማት?» ብላ ብትጠይቃት «ቁስል ነው» አለቻት። ውሸት አልነበረም።

ያን ሰሞን አስቻለችን መሬቱ አልበቃ አላት። እንስራዋን ይዛ ወደ ወንዝ ስትወርድ በአቀስታ መውጫ በኩል ትዞራለች፤ መኪና ይመጣ እንደሆን ብላ ጭጋጉ ውስጥ አፍጥጣ ትቆማለች። ከዚያ ጤና ጣቢያው በር ላይ ብቅ ትላለች። ክንፈ ገና ሲያያት ራሱን ይነቀንቃል። ተመልሳ የሽሮ አተር ስትለቅም እጇ ይሠራል እንጂ ልቧ የለም፤ ጠጠሩን ትታ ፍሬውን ትጥለዋለች።

ብዙዬንም ሰላም አልሰጠቻትም። ስትበላ ጣቶቿን፣ ስትሮጥ እግሯን ታያለች። ዘወር ስትል በሰንበሌጥ ጫፍ ጀርባዋን ትነካታለች።

«እቴቴ፣ ተይኝ እንግዲህ! ዝንብ መስለሽኝ ልመታሽ ነበር።»

«ተሰማሽ?»

«አዎ፤ ተሰምቶኛል አልኩሽ።»

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ብቻዋን ስትሆን እሾህ ነቅላ የገዛ ክንዷን ወጋች፤ ሌላውንም፣ ጭኗንም። ሁሉም አመማት። እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ ማለቷ አሳፈራትና እሾሁን ወደ ውሃው ወረወረችው።

የሩቂያ ትንሽ ልጅ አበቡ ትባላለች፤ ከብዙዬ ጋር እኩያ ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን ተጣበቁ። አንዲት ብርጭቆ ይጋራሉ፣ ባንድ ነጠላ ይጠለላሉ። አስቻለች ባየቻቸው ቁጥር ትጠራታለች፦ «ብዙዬ፣ ነይ ጭራሮ ልቀሚ»፣ «ብዙዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ»። ብርጭቆውንም ነጥቃ ታጥበዋለች። ሩቂያ ይህን አይታ ጥቂት ታገሠች። በኋላ አላስቻላትም፤ ጨው እየሰፈረች ድንገት ቀና አለች።

«አስቻለች፣ ልጅሽን ከልጄ ታሸሻለሽ። እስላም ስለሆንን ነው? እንዲህ ያለውን በዚህ አገር አላውቀውም። እኛ ልቅሶውንም ሠርጉንም አብረን ነን።»

አስቻለች የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። «ማርያምን፣ እሱ አይደለም! ለአበቡ ፈርቼ ነው እንጂ።» ከዚያ ያመቀችው ሁሉ ወጣ፤ ጉልቻው፣ ጥጡ፣ መርፌው፣ ደሴ የሄደው መስታወት፣ አምባቸው ያላት። የበሽታውን ስም ግን አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም።

ሩቂያ የጨው መስፈሪያዋን አስቀመጠች። ተነሥታ አበቡን ከደጅ ጠርታ አስገባችና እጇን፣ ፊቷን፣ አንገቷን መረመረቻት። የዚያን ቀን ከአስቻለች ጋር ሌላ ቃል አልተለዋወጠችም፤ ልጇንም ከራሷ መደብ ላይ አስተኛቻት። አስቻለች ጥሬዋን መልሳ ቋጠረች። ሲነጋ ልጅቱን ቀስቅሳ ልትወጣ ስትል ሩቂያን በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ወዴት ነው?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንጠለላለን።»

«ወላሂ አልተኛሁም። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ኋላ አሰብኩት፤ በኔ ቢሆንስ እናገር ነበር ወይ? እንጃ።» ቋጠሮውን ከእጇ ወሰደችው። «ልጄን ለብቻ አስተኛታለሁ፣ ይኼን አልደብቅሽም። እፈራለሁ። እናንተ ግን በዚህ ዝናብ የትም አትሄዱም። አብሽሪ፣ አላህ ያግራው።»

ከዚያ ወዲህ ጠባቂዎቹ ሁለት ሆኑ። ሩቂያም ጨው ልትገዛ የምትመጣውን ሁሉ «የአቀስታ መንገድ እንዴት ነው?» ማለት ጀመረች። መልሱ አንድ ነበር፤ መኪኖች ጭቃ ውስጥ ተቀብረዋል። አቀስታ ድረስ መጥተው የቆሙም አሉ ይባላል። ከከላላ የመጣ ባለ በቅሎ ደግሞ ወንዙ ሰው ወሰደ ብሎ አወራ። አስቻለች ይህን ስትሰማ ያቺን ቀጭን መስታወት በደፈረሰ ውሃ ስትወሰድ በሐሳቧ አየቻት። ዓመት ተለወጠ። ልጆቹ ለእንቁጣጣሽ አደይ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። አስቻለች ብዙዬን ከለከለቻት፤ ብዙዬ አኮረፈች። ኋላ ሩቂያ «ልቀቂያት፤ በአበባ ምን ይመጣል?» ስትላት ተወቻት። ልጅቱ ስትሮጥ እግሯን እያየች ቀረች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከተማው ሁሉ ወደ አንድ ነጋዴ ሱቅ ሲተም አየች። ሬድዮኑን ሰገነቱ ላይ አውጥተውታል። ወታደሮቹ መኳንንቱን ሲያስሩ መክረማቸውን አስቻለችም ሰምታለች፤ የዛሬው ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘው ያለቅሳሉ። ጥቂት ተማሪዎች እየተቃቀፉ ይዘላሉ። አብዛኛው ሰው ግን አፉን በነጠላው ይዞ ያዳምጣል።

«ምን ተባለ?» አለች አጠገቧ ያለችውን ሴት።

«ጃንሆይ ወረዱ።»

አስቻለች ሰማች፤ ግን ወሬው ወደ ልቧ አልወረደም። ዓይኗ ከሰዎቹ ማዶ አንድ በበቅሎ የመጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰ ሰው ላይ አረፈ። የአቀስታው መኪና ነጂ ነው፤ ከዚህ በፊት መውጫው ላይ አይታዋለች። ሰው ከቦት «ደሴ ምን አለ? ወታደሩስ?» ይለዋል። በክርኗ እየገፋች ደረሰችበት።

«ከሆስፒታል የተላከ ነገር አለ?»

«ሴትዮ፣ ንጉሥ ወርዷል እኮ ዛሬ!»

«እሱን ሰማሁ። ከሆስፒታልስ?»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ አያት። «መኪናዬን አቀስታ ጥዬ ነው የመጣሁት። የጤና ጣቢያውን ከረጢት ግን ይዣለሁ፤ አሁን ለዘበኛው ሰጠሁት።»

ክንፈን ያገኘችው ጤና ጣቢያው ሄዳ አልነበረም፤ እዚያው ሕዝቡ መሀል፣ ጆሮውን ለሬድዮኑ ሰጥቶ ቆሟል። እጅጌውን ያዘችው። ሰው አክብራ የኖረች ሴት ናት፤ የሐኪም ልብስ ጎትታ አታውቅም።

«ከረጢቱ መጥቷል።»

«እሺ፣ ይኼ ይጨረስና…»

«አቶ ክንፈ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ። እኔ ከዚህ በላይ መቆም አልችልም።»

ክንፈ ፊቷን አየ። ከዚያ ሬድዮኑን ትቶ አብሯት ሄደ። ብዙዬንና አበቡን መንገድ ላይ ሲጫወቱ አገኟቸው፤ ብዙዬን ይዘዋት ገቡ። ክንፈ ወረቀቱን ከከረጢቱ አውጥቶ ቆሞ አነበበው፤ ተቀመጠና ደግሞ አነበበው።

«ተገኝቷል» አለ። «የሥጋ ደዌ ነው።»

አስቻለች አላለቀሰችም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ የሚፈራውን ስም ሌላ ሰው ጠራው፤ ጣሪያው ግን አልወደቀም።

«ስሚኝ» አለ ክንፈ፣ እሱም ዝቅ ብሎ። «ገና ጅምሩ ነው። ክኒን አለው። ካላቋረጠች ጣቷም አይነካ፣ ፊቷም አይነካ። መድኃኒቱን ስትወስድ ደግሞ ወደ ሰው አይጋባም። ግን ለዓመታት ነው፤ ደህና ሆነች ብለሽ እንዳትተይ። ያልተሰማትን ክንድ ደግሞ አንቺ ጠብቂላት፤ ከእሳት፣ ከእሾህ።»

«ከሰውስ?» አለች አስቻለች።

ክንፈ ተነሥቶ ክኒኑን ከመደርደሪያው አወረደ።

ብዙዬ ሁለቱን ተራ በተራ ታያለች። «እቴቴ፣ ምን አለ?»

አስቻለች ልትዋሽ አፏን ከፍታ ነበር። ተወችው። «በሽታ አለብሽ። በመድኃኒት ይድናል፤ ግን ብዙ ጊዜ ይወስዳል።»

«አጎቴ ግቢ አልገባም እንግዲህ?»

«እኔ የምገባበት ሁሉ ትገቢያለሽ።»

የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው ዋጠች፤ መረረኝ ብላ ምላሷን አወጣች። ሩቂያ ውጤቱን ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኒት ካለው» ብላ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። አበቡን ግን ያን ሳምንትም ለብቻ አስተኛቻት። አስቻለች አልተቀየመቻትም።

አገር ሲደርሱ አምባቸው የግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። አስቻለች ሁሉንም ነገረችው፤ ክንፈ ያለውን አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ። አምባቸው ሰማና መሬት መሬት አየ።

«አንቺ አምነሽዋል፤ እኔ ግን ልጆቼን…»

«አልፈርድብዎትም። ከማሳው ጫፍ ያለችውን የፈንታውን አሮጌ ጎጆ ይስጡኝ። ክዳኗን እኔው እከድናለሁ።»

ጎጆዋን ሰጣት። ሚስቱ ይታይሽ ደግሞ ባሏ ዘወር ሲል ዱቄት በአገልግል ይዛ መጣችና ደጃፉ ላይ አኑራ ሄደች። በዚያው ዓመት መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አስቻለች በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። አንዳንዱ «ባል የላት፣ ልጅ አልወለደች» ብሎ አጉረመረመ። እሷ ግን ብዙዬን ጎኗ አቁማ «ይህቺውና ልጄ» አለች። ጥቂት ጥማድ መሬት በስሟ ተመራላት፤ ገብስ ዘራችበት።

ክኒኑን ለማምጣት በየወሩ መካነ ሰላም ትወርዳለች። ክንፈ የማያገኝበት ወር ነበር፤ መድኃኒቱ የሚዘገይበትም ነበር፤ ያኔ እንቅልፍ አይወስዳትም። ብዙዬ ግን አደገች። ከዘመቻ ተማሪዎች ፊደል ቆጠረች፤ በቀኟ ትጽፋለች፣ በግራዋ ሰሌዳውን ትይዛለች። ትንሿ ጣቷ ጥቂት ጎበጥ ብላ ቀረች እንጂ ሌላው ደህና ነው። የአምባቸው ልጆች መጀመሪያ ከሩቅ፣ ኋላ ከቅርብ አብረዋት መጫወት ጀመሩ፤ አምባቸውም አይቶ እንዳላየ አለፈ።

አንድ ቀን የገብሱን አረም ሲያርሙ አስቻለች እንደ ልማዷ ቀና ብላ የልጅቱን እጅ ተመለከተች። ብዙዬ ነቃችባት።

«እቴቴ፣ መቼ ነው ማየት የምትተይው?»

«እንጃ ልጄ» አለች አስቻለች፣ ጎንበስ ብላ ማረሟን እየቀጠለች። «እንጃ። አንቺ ስትወልጂ ትነግሪኛለሽ።»