እሁድ ጠዋት የማይጫወተው ቡድን

ጨመዳ ከቢላ ወረዳ ወደ ነቀምቴ የመጣው አንድ ነገር ፈልጎ ነበር፤ የስፖርት አስተዳደር ኮርሱን አልፎ የወረዳው ስፖርት አደራጅ ሆኖ መመደብ። ከማስተማሩ ተርፎ ሦስት ዓመት ያሠለጠነው ቡድን የራሱ ሜዳ እንኳ አልነበረውም፤ የገበሬ ማኅበሩ እህል መውቃት ሲያምረው ያስለቅቃቸዋል። አደራጅ የሆነ ሰው ግን ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ ሜዳ ያስከልላል።

ኮርሱ በክረምት፣ ተማሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ለዐሥር ቀን ተሰጠ። ሠልጣኞቹ ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ ከየወረዳው የመጡ መምህራንና የቡድን መሪዎች። የሚያስተምራቸው ከአዲስ አበባ የተላከ ወልደዮሐንስ የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ድምፁን ሲውጥበት ዝም ይልና ጠመኔውን እያገላበጠ እስኪያባራ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አራት ቃላት ጻፈ፤ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር። በአንድ ሰው ላይ የቆመ ድርጅት ሰውየው የወደቀ ዕለት ይወድቃል ሲልም ደጋግሞ ነገራቸው።

የመጀመሪያውን ሦስት ቀን ትምህርት ጨመዳ እንደ ተራበ ሰው ዋጠው። ዘመኑን ሁሉ ሲታገልባቸው የኖሩት ነገሮች ለካ ስም አላቸው። ማልያውን ማን ይጠብ፣ ኳሱ የማን ቤት ይደር እየተባለ በጭቅጭቅ ያልቅ የነበረው ነገር የሥራ ክፍፍል ይባላል።

በአራተኛው ቀን ወልደዮሐንስ እያንዳንዱ ሰው የቡድኑን መዋቅር በሣጥን በሣጥን ስሎ እንዲያመጣ አዘዘ። በደንቡ ላይ ያለውን ሳይሆን እውነተኛውን።

«እውነተኛውን ለማግኘት አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል» አለ። «ማን ቢቀር ነው ሰው የማይሰበሰበው? የእሱን ስም ከላይኛው ሣጥን ጻፉ።»

ጨመዳ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ከሦስት ዓመት በፊት የቢላው ጸሎት ቤት በታሸገ ዕለት ካድሬው ወንጌላዊውን ኦቦ ባቻን ሕዝብ ፊት አቁሞ የጠየቃቸው ይህንኑ ነበር። ኦቦ ባቻ «ማንም ቢቀር እንሰበሰባለን» ብለው መለሱ። የሚያምናቸው አላገኙም፤ ዘጠኝ ወር ታስረው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ኳስ ያዥ ናቸው። የመዘምራኑ ጎረምሶች ደግሞ የቢላ ቡድን ሆኑ። ልምምድ ሳይጀምሩ ክብ ሠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው አንገታቸውን ይደፋሉ። ለሚያይ ሰው ስለ ጨዋታ የሚመካከሩ ይመስላሉ። ኦቦ ባቻ ካልመጡ ግን ክቡም የለ፣ ልምምዱም የለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጨመዳ ትምህርቱን ትቶ ወልደዮሐንስን ያጠና ጀመር። የስፖርት ሰው ነኝ ይላል እንጂ ፊሽካ የለውም። የፊተኛውን የቤት ሥራ እርስ በርስ ተራረሙ ብሎ አልፎት ነበር፤ ይህንን ግን በካርቦን ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አምጡ አለ። ሁለተኛው ቅጂ ለማን ነው?

ማደሪያቸው ውስጥ ከጎኑ የሚተኛው ጆቴ የሚባል የኑኑ ቁምባ ወረዳ ሠልጣኝ ነበር። ጨመዳ ጥርጣሬውን በሹክሹክታ ቢነግረው ሳቀበት።

«ያ ጨመዳ፣ አንተ ዶሮ ስትጮህም ማን ላካት የምትል ሰው ነህ።»

ጆቴ ከላይኛው ሣጥን የአናጺውን የጉሉማን ስም ከነአባቱ ጽፎ፣ አሳምሮ በማስመሪያ ከበበው። በኑኑ ቁምባ ቡድኑን የሚሰበስበው ጉሉማ ነበርና።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት ወልደዮሐንስ ብርጭቆውን ይዞ ጨመዳ አጠገብ መጥቶ ቆመ። የወረዳዎቹን የጨዋታ መርሐ ግብር ሲያገላብጥ እንዳመሸ ነገረው።

«በሁለት ዓመት ውስጥ ቢላ እሁድ ጠዋት አንድም ጨዋታ የላትም።»

«ሜዳው ጠዋት ጤዛ ይይዘዋል፣ ጓድ።»

«ጤዛው እሁድ እሁድ ብቻ ነው የሚወርደው?»

ጨመዳ ሻዩን ተጎነጨ። ምላሱን ለበለበው፤ የእሁዱን ጸሎት ከማውራት ግን ያ ተሻለው።

«መርሐ ግብር አፍ አለው፣ ጓድ ጨመዳ። ያላሰብከውን ያወራብሃል» አለና ወልደዮሐንስ ወደ ሌሎቹ ሄደ።

ማስፈራሪያ ነው? ምክር ነው? ጨመዳ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። የሰውየው ፊት ደግሞ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው፤ ውስጡ ዕቃ ይኑር አይኑር አይታወቅም። በመጨረሻ ወረቀቱን አወጣና ሰባት ሣጥን ሠራ። ሰብሳቢ፣ ጨመዳ። ጸሐፊ፣ ጨመዳ። አሠልጣኝ፣ ጨመዳ። እንዲህ እንዲህ እያለ ኳስ ያዥ ድረስ ራሱን ብቻ ጻፈ። የሚይዙ ከሆነ የሚያገኙት አንድ ስም ነው።

በመጨረሻው ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ወልደዮሐንስ አስቀረው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«አንተ ከታመምክ ቢላ ኳስ አይጫወትም ማለት ነው?»

«አይጫወትም።»

«ኳሱንም የምታሳድረው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በመጀመሪያው ቀን ምን አልኳችሁ?»

«በአንድ ሰው የቆመ ሰውየው ሲወድቅ ይወድቃል።»

«ገብቶሃል እንግዲህ።» ወልደዮሐንስ እጁን የሁሉም ወረቀት የታሰረበት ዶሴ ላይ ጫነ። «ሠላሳ ሰባቱ ሰው እውነቱን ጽፏል።»

«ማን ነው የሚያነበው፣ ጓድ?»

ሰውየው የዶሴውን ክር ቋጠረ፣ ፈታ፣ ደግሞ ቋጠረ። «ላክ ተባልኩ፤ እልካለሁ። ምን እንደሚያደርጉበት አልነገሩኝም» አለ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ በጨመዳ ወረቀት ላይ «አስተዳደር አልገባውም» ሲል ጻፈ። ይህን ሲያደርግ ቀና ብሎ አላየውም። አፍሮ ይሁን ንቆ፣ ጨመዳ ሊለይ አልቻለም።

ጆቴ የወረዳው አደራጅ ሆኖ ተሾመ፤ ጨመዳ ቢላ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። በጥቅምት ጆቴ ለሥራ ቢላ መጣና ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ወሬውን አፈሰሰው። ከአዲስ አበባ አንድ ጆንያ ሙሉ አዲስ ኳስ ተልኮላቸዋል፤ ላዩ ላይ ለጓድ ጉሉማ ተብሎ ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል።

«አየህ? የተላከው ፖሊስ አይደለም፤ ኳስ ነው።»

ጨመዳ ሜዳውን፣ ሹመቱን፣ ያንን ጆንያ በገዛ እጁ የጣለው መሰለው። ቢሆንም ጉሉማ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። የጆቴ ፈገግታ ከሰመ። ጉሉማ ልምምድ መምጣት ትቷል። ስሜን እዚያ ድረስ ማን አደረሰው እያለ በሩን ዘግቶ ይጠርባል፤ እሱ ሲቀር ልጆቹም ቀሩ። ኳሶቹ ከነጆንያቸው ተቀምጠዋል።

«ማን አደረሰው ሲልህ ምን አልከው?»

ጆቴ ሊመሽብኝ ነው ብሎ ተነሣ።

ጨመዳ ያን ሳምንት የኮርሱን ደብተር አውጥቶ ከኦቦ ባቻ ጋር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ኳሱ በየሳምንቱ ቤት እየቀየረ ያድር ጀመር። ክቡን የሚጠራውም በተራ ሆነ። ከሁሉ የከበዳቸው ኦቦ ባቻ ራሳቸው ናቸው፤ በተራው ያለው ልጅ ሲዘገይ ድንጋያቸው ላይ እየተቁነጠነጡ «ኧረ ጥራቸው፣ ኧረ ጥራቸው» ማለት ያምራቸው ነበር። በመርሐ ግብሩ ላይም ጨመዳ በገዛ እጁ አንድ መሥመር ጨመረ፤ እሁድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

የመጀመሪያው እሁድ ካድሬው ሜዳው ዳር መጥቶ ቆመ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘዋል። ከወትሮው ቆዩ፤ ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ያ ሽማግሌ የለም?» አለ ካድሬው።

«ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል።»

«ያለ እሱም ትሰበሰባላችሁ ለካ።»

«እንሰበሰባለን» አለ ጨመዳ።

ካድሬው ደብተሩን አወጣ። የሚጽፈው ስም ፈልጎ ክቡን ከዳር እስከ ዳር አየው፤ የተደፋ አንገት ብቻ ነው። ዳኛው ሲነፋ ደብተሩን መልሶ ኪሱ ከተተው።