ጆሮና ጉልበት

ጊታሪስቱ የልቡን ድምፅ ፍለጋ ያልገዛው አምፕሊፋየር አልነበረም፤ ገዝቶም ያልሸጠው የለም። አንዱ ይጮኽበታል፣ ሌላው ይታፈንበታል። ዘመድ አዝማድ "ለየለት" ሲለው ሚስቱ "እሱ የሚሰማውን እናንተ የት ታውቁትና!" እያለች አፍ ታስይዝ ነበር።

አንድ ቀን እንደ ልማዱ ቆሞ ሲጫወት የክር መምቻው ከእጁ አመለጠ። ሊያነሳው ተንበርክኮ ክሮቹን በጣቱ ነካ ቢያደርግ፣ ወለሉ ላይ ከተቀመጠው አምፕሊፋየር ያ ሲመኘው የኖረ ድምፅ ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ለካስ ቆሞ ሲጫወት ድምፁን የሚሰማው ጉልበቱ ብቻ ነበር!

"አገኘሁት!" አለ እየጮኸ።

ሚስቱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። "ይሄንን? ከመጀመሪያው አምፕሊፋየር ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ የምሰማው ይሄንኑ አይደል እንዴ!"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"አንተ ከዚህ የሚበልጥ የምትሰማ መስሎኝ ነዋ!"