ከምሳ በፊት

ሎሬታ ሚስተር ሆልምግሬንን ባየችው ቁጥር ውስጧ ይቃጠላል። ከዓመታት በፊት ልጇ ኩርት ዕድሜው ሳይደርስ ቢራ ሲጠጣ ተገኘ ተብሎ ሲከሰስ፣ መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ይኸው ሰውዬ ነበር። "ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም፣ ከምሳ በፊት ቤትህ ትገባለህ" አለው። ኩርትም ፈረመ። መንጃ ፈቃዱን ቀሙት፤ የከብት መኖ የሚያመላልስበትን የጭነት መኪናም አሠሪዎቹ ለሌላ ሰው ሰጡበት። የራሱ መኪና መግዣ ስላጣ ይኸው እስከዛሬ ሥራ የሚሄደው ሰው እንዲያደርሰው እየለመነ ነው። አብሮት ሲጠጣ የተያዘው የትምህርት ቤቱ ኳስ አሰልጣኝ ልጅ ግን አባቱ ጠበቃ ቀጥሮለት በነጻ ተለቀቀ።

ዛሬ ደግሞ ተራው የኩርት እህት የጆሊን ነው። ሚስተር ሆልምግሬን የምትፈርምበትን ወረቀት ታቅፎ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ እየተጣደፈ መጣ።

"ጆሊን የእርስዎ ልጅ ናት?"

"ናት። ኩርትም የኔ ልጅ ነው።"

"ኩርት ማን?"

"ይተዉት።" ስሙን እንኳ አያስታውስም!

እናቷ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ጆሊን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እርሻ ቦታ በተደረገ ድግስ ላይ ቢራ ጠጥታለች፣ አልካደችም። ግን ጓደኛዋ ራሷን ስታ ስትወድቅ፣ ብሬንት የሚባለውን ልጅ ስልክ ነጥቃ አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት። ሕጉ ደግሞ አምቡላንስ የጠራውን ልጅ ጠጥተሃል ብሎ አይከስም። ፖሊስ ሲመጣ ብሬንት "ስልኩ የኔ ነው፣ የደወልኩት እኔ ነኝ" አለና እሱ ተለቀቀ፤ ጆሊን ተከሰሰች።

"የደወለችው እሷ እንደሆነች ነግራዎታለች አይደል?" አለች ሎሬታ።

"ነግራኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ጥሪው ተቀድቷል፣ ድምፁን ማስመጣት እንችላለን። ግን ወራት ይፈጃል እመቤቴ። አሁን ከፈረመች..."

"ከምሳ በፊት ቤቷ ትገባለች።"

"በትክክል!" አለ ጠበቃው ደስ ብሎት።

"መንጃ ፈቃዷስ?"

"ለስድስት ወር ብቻ ነው የሚታገደው።"

"የነርስ ረዳትነት የምትማረው ሌላ ከተማ ነው። በምን ትሂድ? እርስዎ አዝለው ይወስዷታል?"

"እማ፣ በናትሽ!" ጆሊን ፊቷ ቀላ። "ሰው እየሰማን ነው። ልፈርምና ልገላገል።"

"ሰው ሊሞት ሲል ስልክ ነጥቀሽ ስትጮሂ ያላፈርሽ፣ አሁን ነው ማፈር?"

ጆሊን አቀረቀረች።

"እመቤቴ፣ ዛሬ ስንት ልጅ እየጠበቀኝ እንደሆነ ያውቃሉ?" አለ ጠበቃው ሰዓቱን እያየ። "ሁሉም ይፈርማሉ።"

"እርስዎ ካዋከቧቸው ምን ያድርጉ?"

ጠበቃው ወረቀቱን ጆሊን ጉልበት ላይ አስቀምጦ እስክሪብቶውን ዘረጋላት። ልጅቷ እጇን ከመስደዷ በፊት ሎሬታ እስክሪብቶውን ላፍ አደረገችና ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"እያዩኝ ይጠይቁኛል?"

ሚስተር ሆልምግሬን የኮቱን ኪስ ዳበሰ። "ሌላ አለኝ።"

"እሱንም ያምጡት።" መዳፏን ዘረጋችለት።

ጆሊን ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወረቀቱን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ለጠበቃው መለሰችለት። "የደወልኩት እኔ ነኝ" አለች። "ድምፄን ያምጡልኝ።"

የችሎቱ በር ተከፈተና የጆሊን ስም ተጠራ። ጠበቃው በረጅሙ ተነፈሰ።

"እሺ። ድምፁ ይቅረብልን እላለሁ። እስክሪብቶዬስ?"

"ድምፁ ሲመጣ" አለች ሎሬታና ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወትፋ ቀድማው ገባች።